በሁለት ቢላ

በደርግ ጊዜ ነው። አውቶቡሱ ከቆቦ ወደ ጎብዬ ሲሄድ ከኋላዬ አንዲት ነጋዴና ጎረቤቷ ያወራሉ።

«ሰይዴ፣ እውነት ከሥራ አባረሩህ?»

«አዎ እትዬ። ከሥራ መልስ የገበሬ የውሃ ሞተር እየጠገንክ በሁለት ቢላ ትበላለህ ብሎ ጓድ ሥራ አስኪያጁ አሰናበተኝ።»

«ውይ! ታዲያ በምን ትኖራለህ?»

«ሠራተኛ ማኅበሩ ተሟግቶ ባስከፈለልኝ የስንብት ካሳ መፍቻ ገዝቼ ሮቢት ላይ የራሴን መጠገኛ ከፈትኩ፣ አልሐምዱሊላህ። ትናንት ሞተር አስጭኖ የመጣው ማን ይመስልሻል?»

«ማን?»

«ራሱ ሥራ አስኪያጁ!»

«የመሥሪያ ቤቱን ሞተር?»

«የግሉን! ለካ ዋጃ ላይ በወንድሙ ስም ሽንኩርት ያለማል።»

«ያ አላህ! ጠገንክለት?»

«ለምን አልጠግን? ግን ሰባት ገበሬ ቀድሞታል፤ ከነካኪ ልብሱ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብሎ ተራውን ጠበቀ!»

«እሰይ! እሰይ የኔ ጀግና!»

የመንግሥት ጸሐፊው እኔ፣ ከመቀመጫዬ ሥር የደበቅኩትን የፀጉር መቁረጫ ሣጥን አውጥቼ ጭኔ ላይ አስቀመጥኩት።