ሳይጣሉ መውጣት

ሠራተኛ በሥራ ሰዓት መንገድ ላይ ከተገኘ ወይ ታሟል፣ ወይ ተባሯል፣ ወይ ዕቃ ሊገዛ ተልኳል። ቫርኒሹ ግን ከሦስቱ አንዱም ሳይሆን፣ ረፋዱ ላይ ፌስታል ሙሉ ብርቱካን አንጠልጥሎ፣ አውቶቡስ ፌርማታው ጋ ባለቤቱ እንደጠፋ ሻንጣ ቆሞ ነበር። ቫርኒሹ መባሉ የቤት ዕቃ ወርክሾፕ ውስጥ ቀለም ቀቢ ስለሆነ ነው። እናቱ ያወጣችለትን ስም የሚያስታውሰው የእህቱ ቤተሰብ ብቻ ነው።

ከዚያው ቤተሰብ አንዷ፣ የእህቱ ልጅ፣ በዚያ ስታልፍ አየችው። እሷ በአንድ ድርጅት የሠራተኞች ጉዳይ ክፍል ትሠራለች። ሰው ሲቀጠርም ሲለቅም በእሷ ጠረጴዛ በኩል ያልፋል።

«አጎቴ! በደህና ነው? ምን ሆነው ነው በዚህ ሰዓት?»

«አልጣላ ብሎኝ ነው ልጄ።»

«ማን ነው አልጣላ ያለዎት?»

«ባለ ወርክሾፑ ነዋ! ሳምንቱን ሙሉ ለፋሁ። ሰውዬው አይጣላም!»

ልጅቱ አጎቷን ፌርማታው አግዳሚ ላይ አስቀምጣ ነገሩን ከሥሩ ጠየቀችው። ነገሩ እንዲህ ነው። የቫርኒሹ ደረት የቀለም ሽታ አልችል ብሏል። የሙያ ትምህርት ቤቱ ደግሞ ልጆች እንዲያስተምርለት ጠርቶታል። መልቀቅ አለበት። ነገር ግን በዚያ ወርክሾፕ ሥራ የሚለቀቀው ተጣልቶ ነው፤ ሌላ መንገድ የሚያውቅ የለም። እንጨት ቆራጩ የወጣው መዶሻውን ወርውሮ ነው። ሶፋ ሠሪው እንኳ ጥሉን ቢፈራ «ቀብር አለብኝ» ብሎ ወጣ፤ ቀብሩ እስከ ዛሬ አላለቀም።

«ስለዚህ ምን አደረጉ?»

«ቡናማ ይሁን የተባለውን ካቢኔ ቀይ ቀባሁት። ይጮኻል ብዬ ጠበቅሁ። ‹እንዲህም ያምራል ለካ› አለኝ! ጭራሽ ደንበኛው መጥቶ ወደደው። በማግስቱ አርፍጄ ገባሁ፤ ‹ደክሞሃል› ብሎ ወንበር ሰጠኝ። ዛሬ ደግሞ ሰላምታውን ሳልመልስለት ቀረሁ። ‹አሞሃል፣ ቤትህ ሂድ› ብሎ ይህን ብርቱካን ገዛልኝ። እንዲህ ካለ ሰው ጋር ምን ይሠራል?»

ልጅቱ ለመሳቅ አስባ ነበር፤ የአጎቷን ፊት አይታ ተወችው።

«አጎቴ፣ ለምን በሰላም እለቃለሁ አይሉትም?»

«በሰላም? አንቺ ልጅ፣ ተምረሻል እንጂ ሰው አታውቂም። ተጣልቶ የሄደ ‹ተበድሎ ሄደ› ይባላል። ሳይጣላ የሄደ ግን ምን ይባላል? ‹ጠግቦ ሄደ› ነዋ! ብሩሽ አያያዝ ያስተማረኝ ሰው ነው። ባለቤቴ ስትታመም ሆስፒታል አብሮኝ ያደረ ሰው ነው። ምንም ሳያጠፋ ‹ደህና ሁን› ልበለው?»

«ስላላጠፋ ጥፋት ሊፈልጉለት ተነሡ ማለት ነው።»

ቫርኒሹ ብርቱካኑን አየ። ብርቱካኑ ምንም አላለም።

«እኔ ጠረጴዛ ፊት ብዙ ሰው ለቋል» አለች ልጅቱ። «ተሳድቦ የወጣው ዛሬ መንገድ ላይ ሲያየኝ መንገድ ይሻገራል። በደህና የወጣው ግን ለልጁ ሥራ ሲፈልግ መጀመሪያ እኔ ጋ ይደውላል። ደግሞስ ትምህርት ቤቱ ‹ምን ዓይነት ሰው ነው?› ብሎ ማንን የሚጠይቅ ይመስልዎታል? እኔን?»

«እሱን ነዋ» አለ ቫርኒሹ፤ ይህን ሲል ገና ማሰቡ ነበር። «ታዲያ ምን ልበለው? ምክንያት ይጠይቀኛል እኮ።»

«የሚሄዱበትን ይንገሩት እንጂ የሚሸሹትን አይፈልጉ። ደግሞ ከሌላ ሰው ሳይሰማ፣ እርስዎ ራስዎ፣ ቁጭ ብለው ይንገሩት። ከዚያ አጭር ደብዳቤ ይስጡት።»

«ፊት ለፊቴ ላለ ሰው ደብዳቤ?»

«ቃልዎ እንዳይረሳ ነው። ሥራ የሚያቆሙበትን ቀን ይጻፉ፣ ምስጋናዎን ይጻፉ፣ ሌላ ምንም አይጨምሩ። ሰው እስኪያገኝ አንድ ወር ይስጡት። የሚተካዎትንም ያሠልጥኑ።»

«ለቅቄ እየሄድኩ ወር ሙሉ ልሥራ?» ቫርኒሹ ግራ ተጋባ። «ይኼ መልቀቅ ነው ወይስ መቀጠር?»

«ለመግባት ስንት ቀን ደጅ ጠንተዋል? ለመውጣትስ አንድ ወር ቢያወጡ ምን አለበት?»

እኔ እዚህ ላይ ልጅቱን እደግፋለሁ። ሰው ሥራ ሲገባ ጫማውን ይጠርጋል፣ ድምፁን ያለሰልሳል፣ ከመቀመጡ በፊት ይፈቀድለት ዘንድ ይጠብቃል። ሲወጣ ግን ያን ሁሉ ጨዋነት ወንበሩ ሥር ረስቶት ይሄዳል።

በማግስቱ ቫርኒሹ ማልዶ ገባ። ሰላምታውን መለሰ። ባለ ወርክሾፑ በዚህ ጊዜ ነበር የደነገጠው።

«ጋሼ፣ ልለቅ ነው» አለ ቫርኒሹ፣ ከመቀመጡ።

«ምን አደረግሁህ?»

«ምንም።»

«ታዲያ ለምን?»

«ደረቴ ነው። ቀለሙን አልቻለም። ትምህርት ቤትም ጠርቶኛል። እርስዎ ያስተማሩኝን ነው የማስተምረው።»

ባለ ወርክሾፑ መነጽሩን አወለቀ፣ መልሶ አደረገው፣ እንደገና አወለቀው።

«ካቢኔውን ቀይ ስትቀባ ገብቶኝ ነበር» አለ። «‹ሊጣላኝ ነው› አልኩ። ‹ሊጣላኝ ከፈለገ ሊለቅ ነው። እኔ ካልተጣላሁት ግን በየት በኩል ይወጣል?› ብዬ ምላሴን ነክሼ ሰነበትኩ። ያን ብርቱካን ስገዛልህ እንኳ ጥርሴን እያፋጨሁ ነበር!»

ሁለት ሽማግሌዎች፣ አንዱ ጥል ሲፈልግ አንዱ ሲሸሽ፣ ሳምንት ሙሉ በአንድ ክፍል ተሽከርክረዋል።

«ካቢኔው ግን በእውነት አምሮ ነበር?» አለ ቫርኒሹ።

«አስቀያሚ ነው። ደንበኛው ወደደው፤ ምን ላድርገው?»

ቫርኒሹ የዘረጋለትን ደብዳቤ ተቀብሎ አነበበውና ኪሱ ከተተው። በዚያ ወር ቫርኒሹ እንጨት አለስላሹን ቀለም ቅልቅል አስተማረው። ባለ ወርክሾፑም ትምህርት ቤቱ ሲደውልለት «ውሰዱት፣ ግን አደራ፣ መስኮት ከፍታችሁ አሠሩት» አለ። ዛሬ ከትምህርት ቤቱ የሚመረቁት ልጆች ልምምድ የሚወጡት እዚያው ወርክሾፕ ነው። ቀብር ሄዶ የቀረው ሶፋ ሠሪም ይህን ሰምቶ መሣሪያውን ሊወስድ መጣ፤ ሻይ ጠጥቶ ሄደ። ጥል አንድ ቀን ያስወጣል፤ መልካም ስንብት ግን በሩን ሁልጊዜ ክፍት ያደርጋል።

በመጨረሻው ቀን ባለ ወርክሾፑ ለቫርኒሹ አንድ ወንበር ሰጠው።

«እኔ ነኝ የምሸከመው!»

«ልቀቅ ብያለሁ! ደረትህ ታሟል!»

«የእርስዎስ ወገብ? ይልቀቁልኝ እንጂ!»

ወንበሩን ከሁለት ወገን እየጎተቱ፣ እየጮኹ፣ መንገዱ ላይ ወጡ። ማዶ ያለችው ባለ ሱቅ አንገቷን አውጥታ አየቻቸውና ወደ ደንበኛዋ ዞረች።

«ይኸው፣ ቫርኒሹ ዛሬ ለቀቀ» አለች። «እኔማ ሳይጣላ ሊወጣ ነው ሲሉኝ መች አመንኩ!»