ቅርፊት የሚጥሉትን ፍጥረታት ያጠኑት እታለም

እኛ ታናናሾቻቸው «እታለም»፣ ተማሪዎቻቸው ደግሞ «እመት ቅርፊት» እያልን የምንጠራቸው ታላቅ እኅታችን፣ ከልብስ ሰፊው አባታችንና ከአዋላጇ እናታችን የዛሬ ሰባ አንድ ዓመት ተወለዱ።

የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን እንደጨረሱ በዩኒቨርሲቲ ቤተ ሙከራ የገንዳ አጣቢ ሆነው ተቀጠሩ። በገንዳው የሚኖሩት ክሬይፊሽ የተባሉ መቀስ እጅ የወንዝ ፍጥረታት፣ ለማደግ ሲሉ የጠበባቸውን ቅርፊት ጥለው አዲስ ያወጣሉ፤ እታለምም በጠብ ዓይኖቹን የሚሸከሙትን ሁለት ዘንጎች ያጣ አንዱ ከጓደኞቹ ቀድሞ ቅርፊቱን እንደሚጥል አስተዋሉ። የክፍሉ ኃላፊ «አጋጣሚ ነው» ብለው ቢያልፉትም፣ እርሳቸው ነገር ካልገባቸው እህል የማይወርድላቸው ሰው ነበሩና መጻሕፍት አገላብጠው፣ በዓይን ዘንግ ውስጥ «ቆይ» የሚል ሆርሞን እንዳለ፣ እርሱ ሲቀር ሌላ ዕጢ ቅርፊት የሚያስጥለውን ሆርሞን እንደሚለቅ ተረዱ። ከዚያም እየሠሩ ተምረው፣ ባጠቡት ቤተ ሙከራ መምህር ሆኑ።

የሚያፈስ ቧንቧ ሊጠግኑ መጥተው ልባቸውን ጥለው ከሄዱት ባለቤታቸው ጋር ትዳር መሥርተው፣ አንድ ወንድና አንዲት ሴት ልጅ አፈሩ።

ከሁሉ የከበደ ፈተና የገጠማቸው፣ አንድ የክሬይፊሽ እርባታ ባለቤት ስለዚሁ ሆርሞን ያስተማሩትን ሰምተው ቶሎ ይደጉልኝ በማለት የእንስሳቱን የዓይን ዘንግ ባስቆረጡ ጊዜ ነው። ቅርፊታቸውን ያለጊዜው የጣሉት ገና ለስላሳ ሳሉ በጓደኞቻቸው እየተበሉ አለቁ፤ አርባ ሠራተኞችም ሊበተኑ ሆነ። እታለም ሄደው በሠራተኞቹ ፊት፣ «ጌታዬ፣ ልጓሙን በጠሱና ፈረሱ ገደል ገባ፤ ግን ግማሹን ብቻ ያስተማርኩ እኔም ጥፋተኛ ነኝ» አሉ። ቆረጣውን አስቁመው፣ ቧንቧ ጠጋኙ ባለቤታቸው የቆራረጡትን አሮጌ ቧንቧ በየገንዳው አስገብተው፣ ቅርፊት የጣለው ሁሉ እስኪጠነክር የሚሸሸግበት ጎጆ አበጁለት። የእርባታው ጌታ «ሴትዮዋ ቧንቧ ልትሸጥልኝ ነው የመጣችው» እያሉ ቢያሾፉም፣ እታለም ሦስት ወር ሙሉ ከገንዳው ዳር ሳይርቁ ሥራውን መሩ። እርባታው አገገመ፤ ከአርባዎቹም አንድ ሰው እንኳ አልተሰናበተም። ከዚያ ወዲህ ግማሽ ትምህርት አስተምረው አያውቁም።

ባደረባቸው የኩላሊት ሕመም ሁለት ዓመት በሕክምና ሲረዱ ቆይተው፣ የመጨረሻውን የተማሪዎቻቸውን ፈተና አርመው በጨረሱ በሳምንቱ፣ ባለፈው ማክሰኞ ማለዳ ቤተሰባቸው በተሰበሰበበት ዐረፉ።

ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውን፣ አራት የልጅ ልጆቻቸውን፣ ይህን የማነብላችሁን ወንድማቸውን ጨምሮ ታናናሾቻቸውንና ቁጥራቸው የበዛ ተማሪዎቻቸውን ትተውልን ሄደዋል። የሰውን ልፋት የማይዘነጋ አምላክ ነፍሳቸውን በሰላም ማደሪያው ይቀበልልን፤ ልጆቻቸውንም በመጽናናት ይደግፍልን። አሜን።