የሰይድ ጎን ጣራ

በእኛ ጊዜ ጣራ ማለት ዝናብ መከልከያ ነበር፤ ፀሐይ ጠጥቶ ማሽን የሚያስነሳ ጣራ ይመጣል የሚል ሰው ቢኖር ጠበል ውሰዱት ነበር የምንለው። ይህንን ያጫወተኝ አያ ተገኘ ነው፣ የሰፈራችን አስታራቂ፤ እሱ ለሽምግልና ገብቶ የሰማውን ነገረኝ፣ እኔም በአጥር ያየሁትን ጨመርኩበት፣ አጥራችን እንደሆነ ቀዳዳ አያጣም።

እና ስሙኝ። ኑሩና ሰይድ የአንድ እናት ልጆች ናቸው፣ እዚሁ ሰፈራችን አዲስ ዓለም ተወልደው አዲስ ዓለም ያረጁ ነጋዴዎች። አባታቸው የተወላቸው ቤት አንድ ነው፣ ጣራውም አንድ፤ መሐሉን በግድግዳ ከፍለው ታላቅየው ኑሩ በወዲያ፣ ታናሽየው ሰይድ በወዲህ ይኖራሉ። ጣራው ከአናቱ ወደ ሁለት ይወርዳል፣ ያኛው ጎን የኑሩ፣ ይኸኛው ጎን የሰይድ። ታዲያ እነዚህ ሰዎች ግድግዳ እየተጋሩ ሰላም አይባባሉም ነበር። ምነው ብትሉ፣ እናታቸው ስትሞት ሰይድ ሰሊጥ ሊገዛ ቆላ፣ ሳንጃ ወርዶ ነበር፤ በነሱ ደንብ ደግሞ ሟች አያድርም፣ ኑሩ ወንድሙን ሳይጠብቅ ቀበራት። ሰይድ በማግስቱ ደረሰ። ከመቃብሩ በቀጥታ መጥቶ በራፉ ላይ ቆመና፣

«አንድ ሌሊት አልጠበቅኸኝም» አለው።

«ደንቡ ነው፣ ሰይድ» አለ ኑሩ።

«ደንቡን ለኔ አትንገረኝ። ፊቷን ሳላይ አፈር አለበስካት።»

ይኸው ነው ነገሩ። ከዚያ ወዲህ በዒድ እንኳ ሴቶቹ ሳህን በልጅ ይላላካሉ እንጂ ወንድማማቾቹ አይተያዩም።

ታዲያ ኑሩን ሳንባው ያዘው። ሐኪም ቤት ተኝቶ ወጣና ከእንግዲህ ያለ ኦክስጅን አትውልም ተባለ፤ ባሕር ዳር ያለችው ልጁ ሰዓዳ ማሽን ገዝታ ላከችለት። ማሽኗ ኦክስጅኑን ከአየር ላይ እየለየች በቱቦ ለአፍንጫው ትሰጣለች፣ ድምጿም ሽ... ትክ፣ ሽ... ትክ ነው፤ እኔ ቤት ድረስ ይሰማል፣ ግድግዳ ለሚጋራው ለሰይድማ አስቡት። የምትሠራው ግን በመብራት ነው። እና መብራት ሲሄድ ዝም ትላለች፣ መብራቱ እንዴት እንደሚሄድ ደግሞ ለናንተ አልነግርም። ጄኔሬተር አላቸው፣ ቤንዚኑ ግን ከየት ይምጣ፤ ሚስቱ ዘይነባ ጀሪካን ይዛ ወረፋ ውላ ባዶዋን ስትመለስ በየጊዜው አያታለሁ።

«እትዬ ጥሩወርቅ» አለችኝ አንድ ቀን፣ «መብራት ሲጠፋ ከንፈሩ ይጠቁራል። እኔም አብሬው ትንፋሼን ይዤ እቀመጣለሁ።»

ያን ሰሞን ነው የሶላር ጣራ ወሬ የመጣው። ሰዓዳ ባለሙያ ላከች፣ ሰውየውም ናሙና አምጥቶ ግቢው ውስጥ አስቀመጠ፤ ጥቁር፣ መስታወት የለበሰ፣ አንዱ ባንዱ ላይ እየተደራረበ የሚገጠም ክዳን ነው። ሰፈሩ በሙሉ መጥቶ ዳሰሰው፣ የራሱን ቤት ጣራ የሚያስብም ነበር፣ ሊያሾፍ የመጣም ነበር።

«በረዶ ቢመታውስ?» አልኩት እኔ።

«እማማ፣ በረዶ እንዲችል ተደርጎ ነው የተሠራው።»

«የኛን በረዶ አላየኸውም እንግዲያው።»

አያ ተገኘ ደግሞ ጎንበስ ብሎ እያየ፣ «ድመት ብትሄድበት ይነዝራታል እንዴ?» አለና አሳቀን። ዘይነባ ግን አልሳቀችም።

«ተራውን ፓኔል ጣራው ላይ ብናስቀምጥስ?» ብላ ጠየቀችው።

«ቆርቆሮሽ ዝጓል፣ እኅቴ፣ ፓኔል አይሸከምም። ቢሸከምም ሌባ አያሳድረውም። ቆርቆሮውን መቀየራችሁ ካልቀረ ጣራው ራሱ ሶላር ይሁን፣ ባትሪ ከታች እናደርጋለን፣ መብራት ኖረም አልኖረም ማሽኗ አትቆምም።»

አትቆምም ሲል ፊቷ እንዴት እንደበራ አየሁት። ሰውየው መሰላል አቁሞ ወጣ፣ ወዲያና ወዲህ አየ፣ ሲወርድ ግን ፊቱ ተለውጧል።

«ይኼ የናንተ ጎን አይሆንም» አለ። «ከጀርባ የቆመው ፎቅ ቀኑን ሙሉ ጥላውን ይጥልበታል። ወዲያኛው ጎን ግን ከጠዋት እስከ ማታ ፀሐይ ነው። የማን ነው እሱ?»

ሁላችንም ግድግዳውን አየን።

ዘይነባ ነጠላዋን አጣፍታ ወደ ሰይድ በር ልትሄድ ስትል ኑሩ ከአልጋው ላይ ጠራት፣ ቱቦው አፍንጫው ላይ እንዳለ።

«ደጁ እንዳትቆሚ።»

«እግሩ ላይ ወድቄ እለምነዋለሁ፣ ምን ቸገረህ አንተ?»

«ሽማግሌ ይሂድ፣ በወጉ።»

«ትንፋሽህ ወግ ያውቃል ወይ፣ ኑሩ?»

«ሰይድን እኔ አውቀዋለሁ። በለቅሶሽ እሺ ቢል ጣራውን ይሰጠኛል፣ ከኔ ጋር ግን አይታረቅም። በሽማግሌ እሺ ካለ ይታረቀኛል። እኔ ጣራውን ብቻ አይደለም የምፈልገው።»

እና አያ ተገኘና የመስጊዳቸው ሼህ አወል ቅዳሜ ዕለት ሰይድ ቤት ገቡ። ይህን አያ ተገኘ እንደነገረኝ ነው የምነግራችሁ። ሰይድ ተነሥቶ ተቀበላቸው፣ ሻይ አስቀረበ፣ ነገሩን እስከ መጨረሻው አንገቱን ደፍቶ ሰማና፣ «አያ ተገኘ፣ እናንተን አከብራለሁ። ነገር ግን ለእናቴ አንድ ሌሊት ለከለከለኝ ሰው ጣራዬን ልስጠው? አይሆንም» አለ።

«እና አንተ ምን አልከው?» አልኩት።

«ምን እለዋለሁ፣ ደስ አለኝ እንጂ።»

«እምቢ ብሎህ?»

«አንቺ የት ነው ያደግሽው? በመጀመሪያው ምልልስ እሺ የሚል ሰው አይተሽ ታውቂያለሽ? እሺ ቢል እስክንመጣ ሲጠብቅ የኖረ ይመስልበታል፣ ቂሙንም ራሱ ያቀለዋል። በራፉ ድረስ ሸኘንና 'መቼ ትመለሳላችሁ?' አለ። የማይፈልግ ሰው መቼ ይላል? ሐሙስ አልነው። 'ሐሙስ ሸጋ ነው፣ ለዕለቱ የሚታረድ በግ አያለሁ' አለ።»

ኑሩም ወሬው ሲነገረው ከነቱቦው ሳቀ። «እምቢ አለ? እንግዲያው ገብቶታል» አለ። ሁሉም ያውቃል ማለት ነው፣ ሽማግሌዎቹ ያውቃሉ፣ ኑሩ ያውቃል፣ ሰይድ ያውቃል። ቀጠሮውን ያልነገርናት ማሽኗ ነበረች።

በነጋታው እሑድ ልብስ ሳሰጣ ቀና ብል ሰይድ ጣራው ላይ ወጥቷል። ቆርቆሮውን ነፋስ እንዳያነሣው የተጫነውን ድንጋይ አንድ ባንድ ወደ ታች ይወረውራል። ከዚያ ዲሹን ፈትቶ፣ ያን የሚወደውን ኳስ የሚያይበትን ዲሽ፣ በመሰላል አውርዶ አጥሩ ሥር አስደገፈው። እኔም ወዲያው ዘይነባ ዘንድ ሄድኩ።

«ሰይድ ጣራውን እያጸዳላችሁ ነው» አልኳት።

«ዲሹን ሊሸጠው ይሆናል።»

«ድንጋዩንም ሊሸጠው ነው?»

«እትዬ፣ አንቺ ያየሽውን ሁሉ ትተረጉሚያለሽ» አለች። እውነቷን ነው፣ እተረጉማለሁ። ይኼን ግን በትክክል ነበር የተረጎምኩት።

ማክሰኞ በጠዋት መብራት ሄደ። ውጊያ አለ ተብሎ ከተማው ያን ቀን ተዘግቷል፣ ባጃጅ የለም፣ ታክሲ የለም፣ ሱቁ ሁሉ ጥርቅም። ማሽኗ ዝም ስትል እኔ ቤት ሆኜ አወቅሁ። ስገባ ኑሩ በትራስ ተደግፎ ተቀምጧል፣ ዘይነባ በካርቶን ታራግብለታለች፣ ካርቶኑ የማሽኗ ማሸጊያ ነው። ሐኪም ቤት በቃሬዛ እንውሰደው ብለን ሰው ስንጠራ፣ ኑሩ በእጁ ቆዩ አለ፤ ብታንቀሳቅሱኝ መንገድ ላይ እቀራለሁ ማለቱ ነው።

ከግድግዳው ወዲያ በር ሲከፈት ሰማን። ሰይድ ነው። ወጣ ብዬ በአጥሩ ሳይ ባዶ ጀሪካን ይዞ፣ ሸሚዙን እንኳ በወጉ ሳይቆልፍ፣ በእግሩ ወደ አዘዞ መንገድ ይሮጣል፣ ያ ወፍራም ሰውዬ። ዘይነባ ማን ነው አለች። ሰይድ ነው፣ ቤንዚን ፍለጋ አልኳት። ኑሩ ሰማኝ። ዓይኑን ገልጦ፣ «ሐሙስ አልነበረም?» አለ። ከዚያ በኋላ የተናገረው ነገር የለም። ከቀትሩ የዙሁር ስግደት በፊት ዐረፈ።

ሰይድ ሲመለስ ለቅሶው ሰፈሩን ሞልቶታል። ሰዉን አልፎ ገባ፣ ቤንዚኑን ጄኔሬተሩ ውስጥ ቀዳ፣ ገመዱን ሳበው፣ ተነሣለት። እና ማሽኗ ነቃች፣ ሽ... ትክ፣ ሽ... ትክ፣ ቱቦው ትራሱ ላይ ለማንም ሳይሆን ዝም ብሎ ይነፋል። ሰይድ እዚያው ቆሞ ያዳምጣል።

«አጥፋው» አለችው ዘይነባ። ከስንት ጊዜ በኋላ ያነጋገረችው ይህን ነው። እሱ አልቻለም፣ አያ ተገኘ አጠፋው።

«ሐሙስ እሺ ልላችሁ ነበር» አለ ሰይድ።

«አውቃለሁ፣ ልጄ» አለ አያ ተገኘ።

ታዲያ ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ሸጋ ነበር። ሬሳው ታጥቦ ተገንዞ ሊወጣ ሲል ስልክ ተደወለ፣ ሰዓዳ ናት፣ ከባሕር ዳር። መንገዱ ተዘግቶባታል። ከአጎቴ አገናኙኝ አለች፤ ስልኩ ድምፁ ተለቅቆ ስለነበር ሁላችንም ሰማን።

«አጎቴ፣ ነገ ጠዋት ይከፈታል እያሉ ነው። አንድ ሌሊት ጠብቁኝ። ፊቱን ሳያዩ መቅረት ምን እንደሆነ ካንተ በላይ የሚያውቅ የለም።»

ሰዉ ሁሉ እሱን አየ። ሼህ አወል ፀሐዩን አየ። ሰይድ ስልኩን በአንድ እጁ፣ ግድግዳውን በሌላው ይዟል።

«ሰዓዳ፣ ልጄ» አለ፣ «ደንቡ ነው።»

እሷ ስልኩን ዘጋችው። ቃሬዛውን በፊት በኩል የተሸከመው ሰይድ ነበር።

እንግዲህ የሆኑትን ልንገራችሁ። ኑሩ ከእናቱ አጠገብ ተቀብሯል። ዘይነባን ልጇ ወሰደቻት፣ በነሱ በኩል ያለው ቤት ተቆልፏል፣ ማሽኗም እዚያው ውስጥ ናት። ሰይድ ያንን ጥቁር ክዳን በራሱ ጎን አስገጠመው፣ ሽቦውንም ግድግዳውን በስቶ ወደ ኑሩ ክፍል አሳለፈው፤ ዲሹን መልሶ አልሰቀለውም። ሰዓዳ ለአጎቷ ስልክ አታነሣም። አያ ተገኘ ባሕር ዳር ድረስ ለሽምግልና ሄዶ ነበር፣ በመጀመሪያው ምልልስ እምቢ ብላ መለሰችው። ድጋሚ እሄዳለሁ ይላል። አሁን ግን መንገዱ እንደገና ዝግ ነው።