መዝገበ ቃላቱን እስክጨርስ

እጁ ላይ ስልክ እየጮኸ የማያነሳ ሰው አይታችሁ ታውቁ እንደሆነ አላውቅም። እኔ ግን አይቻለሁ። አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ዳቦዬን ይዤ ወደ ቤቴ ስወጣ (የዚህን ሕንፃ ደረጃ የሠራው ሰው ጉልበት ምን እንደሆነ አያውቅም ነበር መሰለኝ) ጎረቤቴን ጡረተኛውን አናጢ ደረጃው ላይ ቁጭ ብለው አገኘኋቸው። ስልካቸው መዳፋቸው ላይ ይጮኻል። እሳቸው መኪና እስኪያልፍለት መንገድ ዳር እንደቆመ ሰው፣ እስኪያበቃ በትዕግሥት ይጠብቃሉ። ሲያበቃ ረዘም አድርገው ተነፈሱ።

«ደኅና ዋሉ አባባ? ማንን ነው እንዲህ የሚሸሹት?» አልኋቸው።

«የልጅ ልጄ ናት» አሉ። «ባዶ ክፍል ውስጥ ሲጮኽ ድምፁ ይበረታብኛል። እዚህ ይሻላል ብዬ ነው የወጣሁት።»

እውነቱን ለመናገር በሰው ጉዳይ መግባት አልወድም። የምተዳደረው በትርጉም ሥራ ነው፤ ከወረቀት ጋር ውዬ ከወረቀት ጋር አመሻለሁ። ከዳቦ ሻጩ በቀር አንድ ሰው ሳላናግር ሳምንቱ የሚያልፍበት ጊዜ አለ። ስለዚህ «አይዞዎት» ብዬ ላልፍ ስል፣ ከፊት ለፊታችን ያለውን ክፍል የተከራየችው ወጣት ከሥራ መጣች። ሆቴል ውስጥ እንግዳ ተቀባይ ናት። ነገር አይታ ማለፍ አልፈጠረባትም።

«አባባ፣ ዛሬም አላነሱላትም?» አለች። ወደ እኔ ዞር ብላም፣ «ጋሼ፣ እርስዎስ ዝም ብለው ያያሉ?»

«ምን ላድርግ ልጄ፤ ስልኩ የሳቸው ነው» አልኋት።

ነገሩ እንዲህ ነው። የአባባ ልጅ ባሕር ማዶ ሄዶ፣ እዚያው አግብቶ አንዲት ሴት ልጅ ወልዷል። ልጅቱ በየእሑዱ ትደውላለች፤ ከእንግሊዝኛ በቀር ግን ሌላ ቋንቋ አታውቅም። መጀመሪያ አባትየው መሐል ገብቶ ያስተረጉም ነበር፤ እሷ ብዙ ታወራለች፣ እሱ «ደኅና ነኝ ትላለች» ብሎ ይደመድመዋል። ይህ ለአባባ አልዋጥላቸው አለ። ወፍራም መዝገበ ቃላት ገዙና ከመጀመሪያው ፊደል ጀምረው መሸምደድ ያዙ፤ ሳልጨርስ ግን ስልክ አላነሳም አሉ። የዚያን ቀን ጠዋት ልጃቸው፣ «አባዬ፣ ልጅቷ አያቴ አይወደኝም እያለች ነው። ዛሬም ካላነሱላት ከእንግዲህ ደውዪ አልላትም» የሚል የድምፅ መልእክት ልኮላቸው ነበር። አሁን ጮኾ ያበቃው ስልክ እንግዲህ የመጨረሻው ሊሆን ነው።

«ግቡ እስቲ፣ ደረጃ ላይ አንሟገትም» አሉና ክፍላቸው አስገቡን።

ዕድሜያቸውን ሙሉ ለሰው ወንበር ሲሠሩ የኖሩ ሰው፣ ቤታቸው ያለው ወንበር አንድ ብቻ ነበር። እሱን ለእኔ ሰጡኝና እሳቸውና ወጣቷ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ። መዝገበ ቃላቱ ጠረጴዛው ላይ ተከፍቶ፣ ግሦቹ በአናጢ እርሳስ ተሠምረውባቸዋል።

«ልጄ፣ አትቆጪኝ» ብለው ጀመሩ አባባ። «እኔ ሙያ የተማርኩት በሥርዓት ነው። ያስተማረኝ ሰው መጋዙንም መላጊያውንም ጠንቅቄ እስካውቅ ድረስ የደንበኛ እንጨት አላስነካኝም። ያልተላገ ሥራ ለሰው አይታይም። ቋንቋም እንደዚያው ነው። ግሡን አንድ በአንድ ይዤ፣ ጨርሼ፣ ከዚያ በሙሉ አፌ አናግራታለሁ።»

«አባባ እውነት አላቸው» አልኩ እኔም። አንድ ዐረፍተ ነገር ሦስት ጊዜ ሳላይ ከእጄ አላወጣም፤ ነገራቸው የራሴው ነገር ነበር። እንግዳ ተቀባይዋ ግን «ክፍል የለንም» ብላ የምትመልሰውን እንግዳ በምታይበት ዐይን አየችኝ።

«ይሁን» አለች። «እስቲ ልጠይቅዎት። ‹ቱ ጊቭ› ምንድን ነው?»

«መስጠት» አሉ ሳያመነቱ።

«‹አፕ›ስ?»

«ወደ ላይ።»

«እሺ፣ ‹ቱ ጊቭ አፕ›ስ?»

አባባ አገጫቸውን ይዘው አሰቡ። «ወደ ላይ መስጠት። ዕቃ ማቀበል ይሆን?»

«ተስፋ ቆርጦ መተው ነው፣ አባባ።»

«እንግዲያ ሌባ ቋንቋ ነው» አሉ ተቀይመው። «ሁለቱንም ቃል ገዝቼ ሦስተኛ ነገር ያስታቅፈኛል?»

«የኛስ? ‹እጅ ሰጠ› ስንል እጁን ቆርጦ ሰጠ ማለታችን ነው?» አለች። «‹ቱ ሉክ› ብቻውን ማየት ነው። ‹ፎር› ሲከተለው መፈለግ ይሆናል፤ ‹አፍተር› ሲከተለው መንከባከብ። ቃሉን ከነባልንጀራው ካልያዙት ገጹን ሺህ ጊዜ ቢያነቡት የትም አያደርስዎትም። እኔም ትምህርት ቤት ግሡን ሁሉ ሸምድጄ ነው የወጣሁት። ሆቴል የገባሁ ሰሞን አንዲት አሮጊት እንግዳ ወደ እኔ መጥተው ‹ሰምዋን ቱ ቶክ ቱ› አሉኝ። መጨረሻ ላይ ያለችው ‹ቱ› ሌላ ቃል የምታስከትል መስሎኝ ቆሜ ጠበቅኋቸው። ሴትዮዋ ግን ጨርሰዋል። የሚያነጋግሩት ሰው ነበር የፈለጉት። ፊታቸውን ሳይ ገባኝ፤ ከመጽሐፍ ያገኘሁት ቢሆን በማግስቱ ይጠፋኝ ነበር።»

እዚህ ላይ እኔ ወደ መስኮቱ ዞር አልኩ። የሚያነጋግሩት ሰው ማጣትን አውቀዋለሁና፣ ሴትዮዋን የማውቃቸው መሰለኝ።

አባባ ስልካቸውን ነካኩ። የልጅ ልጃቸው ድምፅ ክፍሉ ውስጥ ተሰማ፤ ቀደም ብላ የተወችው መልእክት ነው። «አይ ሃቭ ኖባዲ ቱ ፕሌይ ዊዝ» ትላለች። እንግዳ ተቀባይዋ ልትተረጉምላቸው አፏን ስትከፍት አባባ በእጃቸው አስቆሟት።

«ገብቶኛል» አሉ። «ብዙ ደክሜበታለሁ፣ ግን ገብቶኛል። አብሬው የምጫወተው ሰው የለኝም ነው የምትለው። አዲስ ሰፈር ገብተዋል። ታዲያ እንዲህ ያለችን ልጅ በተሰባበረ ቃል ላጽናናት? ለዚህ አይደል የማጠናው?»

«እስኪያጠኑ ድረስስ ከማን ጋር ትጫወት?»

አባባ መዝገበ ቃላቱን ወደ ራሳቸው ሳብ አደረጉት።

«አባባ፣ የልጅ ልጅዎ ደንበኛ አይደለችም» አለች ዝግ ብላ። «እስቲ ይንገሩኝ፣ መጀመሪያ የሠሩትን ወንበር ማን ገዛዎት?»

«ማን ይገዛዋል» አሉ አባባ፤ ሳያስቡት ፈገግ አሉ። «አንድ እግሩ አጭር ነበር። እናቴ ወሰደችው።»

«ተቀመጡበት?»

«እየተንገዳገደች፣ እስከ ዕለተ ሞቷ። ኋላ ደኅና ደኅናውን ሠርቼ ባመጣላትም ያንን አልለቅም አለች።»

የገዛ አፋቸው የተናገረውን ገና አሁን የሰሙት ይመስል ነበር። ሰው በሌላ ሰው ክርክር ይረታል ይባላል እንጂ፣ እኔ እንዳየሁት የሚረታው በራሱ ትዝታ ነው። ስልኩን አንስተው ለእንግዳ ተቀባይዋ ሰጧት።

«ደውይልኝ» አሉ።

ወዲያ ማዶ ተነሳ።

«ግራንድፓ ነኝ» አሉ አባባ፤ አያትሽ ነኝ ማለታቸው ነው። ከዚያ «አይ ሊሰን ዩ» አሉ፤ እሰማሻለሁ ለማለት።

እኔ በበኩሌ የምገባበት ጠፋኝ። በኋላ ግን አንዲት ቀጭን ድምፅ ቀስ ብላ፣ «ሊሰን ቱ» አለች። «ሊሰን ቱ ዩ፣ ግራንድፓ።»

«ሊሰን ቱ ዩ» አሉ አባባ እንደ ተማሪ።

ልጅቱ ሳቀች። የንቀት ሳቅ አልነበረም፤ ሥራ ያገኘ ሰው ሳቅ ነበር። ወዲያው ሌላ ቃል ጠየቀቻቸው፤ ተሳሳቱ፤ አረመቻቸው፤ እንደገና ሳቀች። አብሯት የሚጫወት ሰው የጠየቀችው ልጅ፣ ሽማግሌ ተማሪ አገኘች። እኔና እንግዳ ተቀባይዋ ቀስ ብለን ወጣን፤ አባባ መውጣታችንን አላዩም።

በየበራችን ስንለያይ ወጣቷ «ደኅና ያምሹ ጋሼ» አለችኝ። ዳቦዬን ብቻዬን ስበላ በአባባ ቀናሁ፤ አልደብቀውም።

እንግዲህ አንባቢዬ፣ ምክር ሲረዝም ሰሚ ያጣልና አላበዛውም። «ዝም አይነቅዝም» የሚል ተረት አለን። እኔ ግን ሲነቅዝ አይቻለሁ። መዝገበ ቃላትን አልነቅፍም፤ የምኖረው በሱ ነው። ነገር ግን ስንሳሳት አይስቅም፣ አያርመንም፣ ናፈቅኸኝም አይለንም። የባዕድ ቋንቋ ግሥ ከየትኛው መስተዋድድ ጋር እንደሚውል የሚታወቀው ሰው ሲናገር ሰምቶ፣ ራስም ተናግሮ፣ ተሳስቶና ታርሞ ነው። እንዲህ የተማረ ሰው ቃሉን ከነአገባቡ ያገኘዋል፤ ከወዳጅ አፍ የመጣ እርማትም ሳይሸመደድ ይቀመጣል። የበለጠው ጥቅም ግን ከቋንቋም ያልፋል። እኛ አሳምረን ለመናገር ስንዘገይ፣ የምንዘጋጅለት ሰው በወዲያኛው ጫፍ ብቻውን ነው። ዝምታችንንም እንደመሰለው ይተረጉመዋል፤ አብዛኛውን ጊዜ አይወደኝም ብሎ ነው የሚተረጉመው። እኔ ተርጓሚ ነኝና ይህን ስሕተት አልፈርድበትም።

ማክሰኞ ጠረጴዛዬ ላይ እንደተቀመጥኩ በግድግዳው በኩል ስልክ ሲጮኽ ሰማሁ። እሑድ ስላልነበረ የሌላ ቤት መሰለኝ። ወዲያው ተነሳ። አባባ ጮክ ብለው፣ ደስ በሚል ስሕተት የተሞላ እንግሊዝኛ ሲያወሩ ቆዩና ኋላ መጥተው በሬን አንኳኩ።

«ምን ሆነች?» አልኋቸው ደንግጬ።

«ምንም አልሆነች» አሉ። ዐይናቸው ግን እንባ አቅርሮ ነበር። «እሑድ ራቀብኝ ነው የምትለው።»