ጋሽ ደሳለና ዋጋ መጥራት የሚያፍሩት ልጆች

ባልደረቦቼ፣ የጋሽ ደሳለ ቤተሰቦች፣ እንደምን ዋላችሁ። ለማታውቁኝ፣ ዙልፋ እባላለሁ፤ የሒሳብ መምህርት ነኝ። ይህን የጡረታ መሸኛ ንግግር እንዳደርግ የተመረጥኩት ጋሽ ደሳለን ከሁላችሁ አብልጬ ስለማከብር እንዳይመስላችሁ። ተናጋሪ በተመረጠበት ስብሰባ ላይ ስላልተገኘሁ ነው።

ጋሽ ደሳለ ከሙጃ ተዛውረው የመጡ ቀን እኔ ገና ጀማሪ ነበርኩ። ከጭነት መኪና ጋቢና ሲወርዱ ከአቧራው የተረፈው ዓይናቸው ብቻ ነበር። በወግ እንቀበላቸው ብለን ትምህርት ቤታችን በር ላይ ካለችው ሻይ ቤት ወሰድናቸው። ሻዩ ተጠጣ፣ ፓስቲው ተበላ፣ ከዚያ የምታውቁት ግብግብ ተጀመረ። «በሞቴ እኔ ልክፈል!» «አንተ ከከፈልክ ተጣላን!» አንዱ የሌላውን እጅ ጠምዝዞ ይይዛል። ጋሽ ደሳለ ቁጭ ብለው ሲያዩን ቆዩና፣ «ወገኖቼ፣ ለሚቀጥለው ከፋዩ ማን እንደሆነ ከመግባታችን በፊት ንገሩኝ፤ እኔም የማዘውን እንዳውቅ» አሉ። በዚያው ቀን ሰውዬው ንፉግ ናቸው ተብሎ ተፈረደባቸው። እሳቸውም ይግባኝ አላሉም።

ከዚያ በኋላ ያቺ ጥያቄያቸው መጣች። አዲስ ጫማ አድርጌ ብገባ፣ «መምህርት ዙልፋ፣ የግድ ነው ወይስ አማረኝ?» ባልደረባችን ሙጂብ ሁለተኛ ስልክ ቢገዛ፣ «የግድ ነው ወይስ አማረኝ?» ርዕሰ መምህራችን አቶ ወልደ ኪዳን የቢሯቸውን መጋረጃ ሊያስለውጡ ያሰቡ ጊዜም ይህንኑ ተጠየቁ። መጋረጃው በመጨረሻ የተሰቀለው ጋሽ ደሳለ የዓመት ፈቃድ በወጡበት ሳምንት ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ። ጋሽ ደሳለ ተማሪዎች ወጪና ትርፍን ከሰሌዳ ብቻ አይማሩትም፤ የሠሩትን ይዘው ይምጡ፣ ግቢው ውስጥ ለወላጆች ይሽጡ፣ ከትርፉም ይቆጥቡ አሉ። «የሥራ ፈጠራና የቁጠባ ቀን» የሚል ጨርቅ ተሰቀለ። ልጆቹ ዳቦውን፣ ቆሎውን፣ ማሩን፣ ሰፌዱን ደርድረው ቆሙ። ወላጆች ነጭ በነጭ ለብሰው መጡ።

የላስታ ልጅ እንግዳ ሲመጣበት ምን እንደሚያደርግ ታውቃላችሁ። «ግቡ፣ ቅመሱ እንጂ» ተባለ። ወላጆችም ቀመሱ። እረፍት ሳይደርስ ዳቦው አለቀ፤ ዋጋ የጠራ አንድ ተማሪ አልነበረም፣ አባቱን፣ አክስቱን፣ ጎረቤቱን ማን ክፈል ይበል? አንድ አባት ወደ ጋሽ ደሳለ ጠጋ ብለው፣ «ጌታዬ፣ የማን ዝክር ነው?» ብለው ጠየቁ። ሁሉም መርቆ ሄደ። እኛ በሳቅ ሞትን። አቶ ወልደ ኪዳን ግን አልሳቁም፤ ከርሞም እንዲህ ከሆነ ይህ ነገር ይቀራል ብለው ቆረጡ።

ጋሽ ደሳለ ዓመቱን ሙሉ አንድ ነገር ብቻ አስተማሩ። «ስጦታ ስጦታ ነው፣ ሽያጭ ሽያጭ ነው። ሁለቱን የምትለዩት ሰው ከመምጣቱ በፊት ነው።» ለልምምድ ነጠላ ተከናንበው፣ አክስት ሆነው፣ «ልጄ፣ የእናትሽ ሚዜ እኮ ነኝ» እያሉ ያለቃቅሱ ነበር። ያንን ነጠላ ያየ ሰው በሕይወቱ ቅናሽ አይጠይቅም።

በሁለተኛው ዓመት የትናየት የምትባል ተማሪ ማር ይዛ መጣች። አባቷ ቱሪስት ወደ አሸተን ማርያም እየመሩ ነበር ቤታቸውን የሚያስተዳድሩት። ቱሪስት ሲጠፋ ቤቱ ችግር ላይ ወደቀ። ልጅቷም ማሩ ካልተሸጠ ትምህርቷን ትታ ጋሸና ሄዳ ምግብ ቤት ልትቀጠር እንደሆነ ለጋሽ ደሳለ ነግራቸው ነበር።

የመጀመሪያው ደንበኛ ማን ሆኑ? የቤተሰቡ የንስሐ አባት፣ ቄስ ገብረ ዮሐንስ። ቀመሱ፣ አመሰገኑ፣ ባረኳት፣ ጠርሙሱን አነሱ።  ግቢው በሙሉ ወደ ልጅቷ ዞረ። ጋሽ ደሳለ ከኋላዬ ቆመው ክንዴን ጨምድደው ይዘውኛል። የትናየት አንገቷን ደፍታ፣ ለራሷ የምትናገር ያህል፣ ዋጋውን ጠራች።

ቄሱ ቆም አሉ። «ልጄ፣ ቤተ ክርስቲያን ስትመጪ ጧፍ በነጻ ወስደሽ ታውቂያለሽ?»

«ኧረ አላውቅም፣ አባቴ።»

«ታዲያ ምን ያስፈራሻል? ጮክ ብለሽ ተናገሪ እንጂ» ብለው ከፈሉ።

ከዚያ በኋላ ግቢው የቅዳሜ ገበያን አስናቀ። የቁጠባ ቀኑም አልቀረም፣ የትናየትም ትምህርቷን አላቋረጠችም።

ግን ጋሽ ደሳለን ሳላጋልጥ አልቀመጥም። በየዓመቱ ወላጅ ሲበተን፣ ያልተሸጠለትን ልጅ እየዞሩ የሚገዙት እሳቸው ናቸው። ባለቤታቸው ወይዘሮ ወለተ ሐና እዚህ አሉ፣ ጠይቋቸው፤ ቤታቸው ከሰፌድ የተረፈ መቀመጫ የለም። አንድ ቀን ሰፌድ ተሸክመው ሲሄዱ ያዝኳቸውና፣ «ጋሽ ደሳለ፣ የግድ ነው ወይስ አማረኝ?» አልኳቸው። «ይሄ ሌላ ነው» ብለውኝ አለፉ።

ጋሽ ደሳለ፣ ከዚህ በኋላ ቀልድ የለም። ልፋታችንን ዋጋ አውጥቶ መጠየቅ ነውር አለመሆኑን ያስተማሩን እርስዎ ነዎት። እኔ ራሴ በትርፍ ሰዓቴ የማስጠናቸውን ልጆች ወላጅ ክፈሉኝ ማለት የጀመርኩት ያቺን ልጅ ካየሁ በኋላ ነው። እናመሰግንዎታለን። እርስዎ የሌሉበት የመምህራን ክፍል ይከብደኛል።

የዛሬውን ምግብ ያዘጋጀችው የትናየት ናት፤ አሁን ከተማው ውስጥ የድግስ ምግብ አዘጋጅታ ታቀርባለች። ሁላችንም ከአንድ ትሪ እንድንበላ የጾም አድርጊው አልናት፣ እሺ አለች። ለጋሽ ደሳለ ስለሆነ ቀንሺልን አልናት፣ እምቢ አለች። ሙጂብ ምራቁ እስኪደርቅ ለመናት። «ቀንሼማ በምን ዓይኔ አያቸዋለሁ?» አለችው። ሙሉውን ከፈልን።

ልንወጣ ስንል ግን ጠርታኝ አንድ ጠርሙስ ማር ሰጠችኝ። «ይሄ ሌላ ነው» አለችኝ።

እንግዲህ ብርጭቋችሁን አንሱ፤ ጠላ የያዘ ጠላውን፣ እኔም ለስላሳዬን። ጋሽ ደሳለ፣ ጡረታዎ የጤና ይሁን፤ የልጅ ልጆችዎን ይዳሩ፤ ለወይዘሮ ወለተ ሐናም መቀመጫ ያግኙላቸው። ማርዎ ይኸው። ዋጋውን አይጠይቁ።