ስሜ በቴሌቪዥን የተጠራ ዕለት

በእኛ ጊዜ ሽልማት የሚባል ነገር ሰኔ ሰላሳ ብቻ ነበር። ወላጅ ሁሉ ነጭ በነጭ ለብሶ ትምህርት ቤት ይሰበሰባል፣ ዳይሬክተሩ ከአንደኛ እስከ ሦስተኛ የወጡትን ልጆች ስም ከነአባታቸው ይጠራል፣ ልጁ ወጥቶ ደብተርና እርሳስ ይቀበላል፣ ይጨበጨባል፣ አለቀ። ከነአባቱ ነው የሚጠራው፣ ልብ በሉልኝ! ልጁ ደብተሩን ይወስዳል፣ አባትየው ደግሞ ስሙን ይዞ ይሄዳል፣ ሳምንቱን ሙሉ በየጠላ ቤቱ "ሰማችሁ አይደል?" ሲል ይከርማል። እኔ ታዲያ ሁልጊዜ አራተኛ ነበርኩ። ሳቁ፣ ሳቁ፣ እውነቴን ነው! አባቴ ነፍሱን ይማረውና በየዓመቱ ጋቢውን አጣጥፎ ይመጣል፣ ስሙን ሳይሰማ ይመለሳል፣ መንገድ ላይ "ይሄ ዳይሬክተር አራት መቁጠር አይችልም እንዴ?" ይላል። አይመታኝም፣ ያንን ብቻ ነው የሚለው።

እና ያንን መደርደሪያ ላይ ያለውን ዋንጫ አያችሁት? አዎ፣ የዚህ ቤት ጌታ የወርቁ ልጅ ዋንጫ ነው። ወርቁ ወጥ ቤት ውስጥ ስለሆነ አይሰማኝም፣ ቢሰማም ግድ የለኝም። መስኮቱ ሥር ነው ያስቀመጠው፣ የዚህ የኢንስፒራዳ ሰፈር ፈረንጅ ሁሉ ውሻውን ሲያናፍስ እንዲያይለት። እኔ ያንን ዋንጫ ባየሁ ቁጥር እስከ ዛሬ ፊቴን አዞራለሁ። ቅናት ነው፣ በዚህ ዕድሜዬ ምን አፍራለሁ!

እኔና ወርቁ እዚሁ አሜሪካ፣ ኤርፖርት ዊልቸር ስንገፋ ነው የተዋወቅነው። አንድ ሺፍት፣ ያኔ ዊትኒ የሚባል ሰፈር አንድ ግቢ፣ በራችን ፊት ለፊት። የሱ ያሬድና የኔ ናትናኤል ፓርኪንጉ ላይ ኳስ እየተራገጡ ነው ያደጉት። ያሬድ ቀጭን ነው፣ እግሩን ግን እግዜር ሰጥቶታል። ናቲ ደግሞ ቁመቱም ጎኑም ሰፊ፣ በር ላይ ከቆመ ብርሃን አይገባም። ታዲያ ሲያድጉ ወደዚህ አሜሪካኖቹ ፉትቦል ወደሚሉት፣ በእጅ ይዘው ወደሚሮጡት ኳስ ገቡ፣ ኋላም አንድ ኮሌጅ፣ አንድ ቡድን። ያሬድ ኪከር ሆነ፣ ኳሷን በእግሩ መትቶ በሁለቱ ብረቶች መሃል የሚያሳልፈው። ናቲስ? ናቲ ጎንበስ ብሎ በእግሮቹ መሃል ወደ ኋላ የሚወረውራት። አንድ ሌላ ልጅ ይቀልባታል፣ መሬት ላይ ያቆማታል፣ ያሬድ ይመታታል። እንግዲህ አስቡት፣ ናቲ ካልወረወረ ያሬድ ምኑን ይመታል? ንፋስ! ሰው የሚያየው ግን ያሬድን ነው። የኔን ልጅ ካሜራው የሚያሳየው፣ ይቅርታ አድርጉልኝና፣ ቂጡን ነው።

ደግሞ የማልያው ጉዳይ አለ። እዚህ አገር ጀርባ ላይ የሚጻፈው የቤተሰብ ስም ነው ይላሉ፣ እኛ የአባት ስም እንጂ የቤተሰብ ስም የት አለን? እና ያሬድ ጀርባ ላይ "ወርቁ" ተጻፈ፣ ናቲ ጀርባ ላይ "ጣሰው"። ታዲያ ቴሌቪዥኑ "ዋት ኤ ኪክ፣ ወርቁ!" ሲል ያሬድን መጥራቱ ነው? አይደለም! ከኔ ጋር ዊልቸር ሲገፋ የኖረውን፣ ይሄንን ወርቁን ነው የሚጠራው!

ሃያ ሃያ ላይ ኮሮና ገባ። የከተማው ካዚኖ ሁሉ ተዘጋ፣ ኤርፖርቱ ጭር አለ፣ እኔንም ወርቁንም ሌይ ኦፍ ብለው ከሥራ አሰናበቱን። ኳሱ ዘግይቶ ጀመረ፣ ሲጀምርም ተመልካች አይገባም ተባለ። እና ወርቁ ቴሌቪዥኑን በረጅም ገመድ አውጥቶ የመኪና መጠለያው ሥር አቆመው፣ ወንበሮቹን አራራቅን፣ ማስካችንን አደረግን፣ የግቢው ሐበሻ በሙሉ እዚያ ነበር የሚያየው። ያሬድ ይመታል፣ ቴሌቪዥኑ "ወርቁ!" ይላል፣ ሴቶቹ እልል ይላሉ፣ ወርቁ ብድግ ብሎ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ግራ ቀኙን እጅ ይነሳል። ልክ እሱ የመታው ይመስል! እኔም አጨበጭባለሁ። በሁለት ጣት።

አንድ ቀን አላስችል ሲለኝ ለናቲ ደወልኩ።

"የሚወረውረው አንተ ነህ ወይስ ሌላ ሰው ነው?"

"እኔ ነኝ አባባ።"

"ታዲያ ለምን ስምህን አይጠሩም?"

ሳቀ። "አባባ፣ የኔ ሥራ እንደዚህ ነው። የኔ ስም ከጠሩ ፕሮብሌም አለ ማለት ነው።"

"ተወኝ እባክህ! ስሙ ሳይጠራ የተመሰገነ ሰው የት ታውቃለህ?" አልኩት። ያለኝን ልብ ብዬ ሰምቼው ቢሆን ኖሮ!

ታዲያ እነዚህ ሰዎች ዓመቱ ሲያልቅ ሽልማት አላቸው። ለሚወረውረው ሽልማት፣ ለሚሮጠው ሽልማት፣ ለሚከላከለው ሽልማት፣ ለሚመታው ሽልማት፣ ዳር ቆሞ ለሚጮኸው አሰልጣኝ ሳይቀር ሽልማት! ጎንበስ ብሎ ወደ ኋላ ለሚወረውረውስ? በልጆቹ ሊግ የለም። ቼክ አደረግሁ፣ የለም። እና ያሬድ ለዓመቱ ምርጥ ኪከር ከታጩት ከሁለት አንዱ ሆነ ተባለ፣ የመጨረሻው ጨዋታ ይለየዋል ተባለ። ስልክ በስልክ! "ወርቁዬ እንኳን ደስ ያለህ!" ለኔም የሚደውል አለ፣ ምን ብሎ? "ጋሽ ጣሰው፣ የወርቁ ስልክ ተይዞብኝ ነው፣ እንኳን ደስ ያለህ በሉልኝ።" ይሄ ይባላል? እናንተ ብትሆኑስ አንጀታችሁ አያርም?

በዚህ ላይ ወርቁ ቲሸርት አሳትሞ መጣ። ለግቢው ሁሉ አደለ፣ ለኔም ሰጠኝ፣ ገልበጥ ሳደርገው ጀርባው ላይ "ወርቁ" ይላል። እኔ! የራሴን ስም ትቼ በጀርባዬ ወርቁን ልሸከም! ባለቤቴ አልማዝ አየችና "የሰው ወርቅ አያደምቅም ሲባል አልሰማህም?" አለችኝ። ለበስኩት። ጎረቤት ነው፣ ምን ይደረጋል።

እና የጨዋታው ዕለት ጠዋት፣ ያንኑ ቲሸርት እንደለበስኩ፣ መኝታ ቤት ገብቼ ሥዕሉ ፊት ተንበረከክሁ። "ገብርኤል ሆይ" አልኩ፣ "ዋንጫ አልጠየቅኩህም፣ አንዲት ቀን ብቻ ስሜ በዚያ ቴሌቪዥን ይጠራ። ከተጠራ ለታህሳስ በዓልህ ጥላ ይዤ እመጣለሁ።" አልማዝ በር ላይ ቆማ ሰምታኛለች ለካ። ታዲያ ምን ተብሎ እንደሚጠራ አልነገርኩትም፣ "በመልካም" አላልኩም። ሰው ሲሳል ዝርዝሩን ይናገር፣ እናንተ ልጆች ይሄን ያዙ!

ጨዋታው ደረሰ። በሁለት ነጥብ እየተመሩ ነው፣ የቀረው አራት ሰከንድ። ያሬድ ይቺን ካስገባ ቡድኑ አሸነፈ፣ ዋንጫው የሱ ነው፣ አሰልጣኙም ምርጥ አሰልጣኝ ይባላል እየተባለ ነው። ወርቁ ወንበሩ ላይ ወጥቶ ቆሟል። ሴቶቹ እልልታቸውን አፋቸው ላይ ይዘዋል። ናቲ ጎንበስ አለ። ወረወረ። ኳሷ፣ ልጆቼ፣ ከሚቀልባት ልጅ ራስ በላይ፣ ከያሬድም ራስ በላይ አልፋ ሄደች፣ ያሬድ ዞሮ አያት።

"ጣሰው!" አለ ቴሌቪዥኑ። "ኦ ኖ፣ ጣሰው! ጣሰው!"

እኔ ምን እንዳደረግሁ ታውቃላችሁ? ብድግ! ሁለት እጄን ወደ ላይ ዘርግቼ "ጠሩኝ! ጠሩኝ! እልል በሉ እንጂ!"

ማንም እልል አላለም። ሁሉም ዞሮ እኔን ያየኛል፣ እኔ ገና አልገባኝም፣ "ጣሰው ሲል አልሰማችሁም?" እላለሁ። ከዚያ ደገሙት፣ ሪፕሌይ የሚሉትን። ከላይ አሳዩት፣ ከጎን አሳዩት፣ ቀስ አድርገው አሳዩት፣ በየድጋሚው ጣሰው፣ ጣሰው። መጨረሻ ላይ የልጄን ጀርባ አቀረቡት፣ ራሱን በሁለት እጁ ይዞ መሬት ላይ ተቀምጧል፣ ስሜ ስክሪኑን ሞልቶታል። ያኔ ገባኝ። እኔ "ወርቁ" የሚል ለብሼ፣ እጄን እንደዘረጋሁ ቆሜያለሁ።

ወርቁ ከወንበሩ ወረደ። "ጣሰው" አለኝ፣ "ደስ ያለህ ትመስላለህ።" ገመዱን ነቀለ፣ ጠቀለለ፣ ቴሌቪዥኑን ተሸክሞ ገባና በሩን ዘጋ።

ሽልማቱ ለሌላ ኮሌጅ ልጅ ሆነ፣ አሰልጣኙም ቀረበት። ናቲ ቤት መጣ፣ ምግብ አይበላም፣ ከክፍሉ አይወጣም። "እጄ ላብ ነበረው አባባ" አለኝ። "ዓመቱን ሙሉ ወረወርኩ፣ አንድ ሰው የኔን ስም አያውቅም። አንድ ጊዜ ተሳሳትኩ፣ አሁን ሁሉም ያውቃል።" አገልግሎ አገልግሎ ስሙ የተጠራው በውድቀቱ ነው፣ እሱንም የለመንኩበት እኔ አባቱ ነኝ።

አልማዝ ግን አለቀቀችኝም። "ስለትህ ሰምሯል፣ ጥላውን አስገባ።"

"የምን ስለት፣ እርግማን ነው እንጂ!"

"ስሜ ይጠራ አልክ፣ ተጠራ። ደግሞ ደጋግሞ ተጠራ። ገብርኤል ምን አጎደለብህ?"

እና ለታህሳስ ገብርኤል ጥላውን ይዤ ሄድኩ። በኮሮናው ምክንያት ሥርዓቱ የቤተ ክርስቲያኑ ፓርኪንግ ላይ ነው፣ ሰው ሁሉ ማስክ አድርጎ ተራርቆ ቆሟል። ጥላው ከባድ ስለሆነ ናቲ ያዘልኝ፣ ለምን እንደተሳልኩ አያውቅም። ወርቁና ያሬድ ፊት ለፊት ቆመዋል፣ ከዚያ ቀን ወዲህ ከወርቁ ጋር ሰላምታ የለንም። የሰበካ ጉባኤው ጸሐፊ ማይኩን ያዘና "ወንድማችን አቶ ጣሰው ስለታቸው ሰምሮ ጥላ አስገብተዋል! ምን ብለው እንደተሳሉ ይንገሩንና እልል እንበል!" ብሎ አፌ ላይ ደቀነው።

ጤና ነው ልበል አልኩ። ሥራ ነው ልበል አልኩ። ታቦቱ ፊት እንዴት ተደርጎ ይዋሻል?

"ስሜ በቴሌቪዥን እንዲጠራ ነው" አልኩ። "በወርቁ ቀንቼ።"

ጸሐፊው ማይኩን መልሶ መውሰድ ረሳ። ከኋላ አንዲት ጆሯቸው የደከመ እናት ምንም ሳይሰሙ "እልልልል!" አሉ፣ ከዚያ ሁሉም ተከተለ። እኔ መሬት ብትውጠኝ ደስ ባለኝ! ናቲ ጥላውን እንደያዘ ዞሮ አየኝ፣ ፊቱ በማስክ ተሸፍኗል።

"አባባ፣ ይሄን ነበር የፈለግከው?"

"አዎ ልጄ። ይቅር በለኝ።"

"ለምን አልነገርከኝም? በየሳምንቱ ከያሬድ ጭንቅላት በላይ እወረውርልህ ነበር።"

ትከሻው ይንቀጠቀጣል፣ ጥላውም አብሮ ይንቀጠቀጣል። የሚያለቅስ መስሎኝ ልይዘው እጄን ዘረጋሁ፣ ለካ እየሳቀ ነው! ከዚያች ቀን ጀምሮ ምግቡን በላ። ወርቁ ደግሞ ጠጋ አለኝና "እኔስ ለማን የተሳልኩ ይመስልሃል?" አለኝ። "ለዚሁ ለገብርኤል ነው፣ ለያሬድ ዋንጫ፣ ምንጣፍ አገባለሁ ብዬ። አንተ ቀደምከኝ እንጂ።"

በሚቀጥለው ዓመት፣ ሃያ ሃያ አንድ ላይ፣ ተመልካች ተፈቀደና ስታዲየም ገባን። ናቲ ጎንበስ ባለ ቁጥር ዓይኔን ጨፍኜ "እንዳትጠሩኝ፣ አደራ እንዳትጠሩኝ" እላለሁ። አልጠሩኝም። ያሬድም ዋንጫውን ወሰደ፣ ያ የምታዩት ነው፣ አሰልጣኙም የሱን ወሰደ። ወርቁ ምንጣፉን አስገባ። እኔም እሁድ እሁድ ጫማዬን አውልቄ የወርቁን ምንጣፍ እረግጣለሁ፣ በደንብ አድርጌ ነው የምረግጠው።

ቅናቱ ለቀቀህ ወይ? ትሉኛላችሁ። የት አባቱ ይለቀኛል! ልጄ ዓመቱን ሙሉ አንዲት ስህተት ሳይሠራ ጎንበስ ብሎ ወረወረ፣ ማን አየው? እኔ አየሁት። እኔና አልማዝ አየነው። ወርቁ! አንተ ወርቁ! እስቲ ከዚያ ወጥ ቤት ውጣና እነዚህ ልጆች ፊት ተናገር፣ ያ ዋንጫ ግማሹ የናቲ ነው ወይስ አይደለም?

— ነው አልኩህ እኮ ጣሰው፣ ስንቴ ልበልህ! ግማሹን ውሰድ።

የትኛውን ግማሽ?

— ስም ያልተጻፈበትን።