ሰው ያልፋል፣ ግድግዳ ይቀራል

በዚያች ማለዳ ሚስተር ሃርላን ፓይክ ከቤታቸው የወጡት ውሻቸውን ሊያንሸራሽሩ እንጂ ጉድ ሊያዩ አልነበረም። በሰሜን ምሥራቅ አሜሪካ፣ በኒው ኢንግላንድ፣ በኦልደር ፖንድ ከተማ፣ ማን በይዞታው ላይ ምን መሥራት እንደሚችል የሚወስነውን ቦርድ ለረጅም ዘመን በሊቀመንበርነት መርተዋል። የሚያሟቸው ሰዎች እንኳ «ፓይክ ጨካኝ ነው» ይሉ እንደሆነ እንጂ «ፓይክ ያዳላል» ብለው አያውቁም።

መንገዱን ተሻግረው ከጎረቤታቸው ከአርማን ቡሼ ደጃፍ ሲደርሱ ግን ክው ብለው ቀሩ። የአርማን ልጅ ኖኤላ አባቷን በጀርባዋ አዝላ፣ በረዶ ያረጠበውን ደረጃ መደገፊያውን ይዛ ትወርዳለች። አርማን ዓይናቸውን ጨፍነዋል። ሚስተር ፓይክ የውሻውን ገመድ ለቀቁት።

«የአምላክ ያለህ! ምን ሆኖ ነው?»

«ቆመው ከሚያዩን እግሩን ይያዙልኝ!» አለች ኖኤላ እያለከለከች።

ተጋግዘው ደጃፍ በቆመው መኪናዋ ውስጥ አስገቧቸው። አርማን ፊታቸውን ወደ ሌላ አዞሩ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?» አሉ ሚስተር ፓይክ።

«ቅጠል ሲረግፍ ስትሮክ መታው። ከዚያ ወዲህ ለሐኪም ካልሆነ ከቤት ወጥቶ አያውቅም።»

 ሚስተር ፓይክ በረዶው ከጀመረ ወዲህ ጠዋት ጠዋት በመስኮት ለአርማን እጃቸውን ያወዛውዙለት ነበር፤ እሱም ያወዛውዝላቸው ነበር። እንደ ወትሮው በረዶ የሠራውን ሐይቅ ቀድደው አብረው ዓሣ ሊያጠምዱ አለመውረዱን ግን ንቀት ነው ብለው ተቀይመውታል። ያ ቂም አሁን አሳፈራቸው።

«እንግዲያው ዛሬ ማታ በቦርዱ የምናየው ማመልከቻችሁ… በረንዳ ማስፋት የሚለው…»

«በረንዳ አይደለም፣ የዊልቸር መውረጃ ነው። ‹ሕመሜ በአደባባይ አይነበብም› ብሎ እሱ ነው በረንዳ ያስባለኝ። ካልተፈቀደልን ወደ መጦሪያ ቤት ልወስደው ነው፣ ሚስተር ፓይክ። እኔ ወገቤ አለቀ። ይህን ቤት ደግሞ በገዛ እጁ ነው የሠራው።»

«በጓሮ በኩል ለምን አትሠሩትም?»

«ጓሮው አለት መሆኑን ረሱት እንዴ? ከአባባ ጋር ጉድጓድ እንቆፍራለን ብላችሁ ስንት ዶማ ሰበራችሁበት!»

ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ስሚኝ ልጄ፤ እውነቱን ብትጽፉም እምቢ ልል ነበር። ደንቡ በቤትና በመንገድ መካከል ያለው ቦታ ባዶ ይሁን ይላል። የባለቤቱን ሕመም አይቼ ብፈቅድ፣ ነገ ቤቱ ሲሸጥ ገዢው ጣራ ደፍቶበት ሱቅ ያደርገዋል። ሰው ያልፋል፣ ግድግዳ ይቀራል።»

«ይህን የሚሉኝ አሁን እግሩን ይዘው ካወረዱት በኋላ ነው?»

«እኔም ከብዶኝ ነው የምልሽ! ግን ለአንቺ አዝኜ ሌላውን ልከለክል ነው? ሁሉም እንባውን ይዞ ነው የሚመጣው። ለመዋኛ ገንዳው ፈቃድ ስቅስቅ ብሎ ያለቀሰ ሰው አይቻለሁ እኮ!»

ሽማግሌው የተናገሩት ሐሰት አልነበረም። ሕግ ለአንዱ ሲላላ ለሌላው መተላለፊያ ይሆናል። ነገር ግን አታላዩን ልጠብቅ ብሎ የተቸገረውን ደጅ የሚዘጋ ዘበኛ የሥራውን ግማሽ ብቻ ነው የሠራው። ኖኤላም በሆስፒታል የአካል ሕክምና ባለሙያ ናትና ከለቅሶ ይልቅ መፍትሔ መፈለግ ለምዳለች።

«ልክ ነዎት፣ ግድግዳ ይቀራል» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «እኛ ግን ግድግዳ አልጠየቅንም። በብሎን የሚታሰር እንጨት ነው። ፈቃዱን ለቤቱ አይስጡት፤ አባባ እዚህ እስካለ ድረስ ብቻ ብለው ይስጡት። ከዚያ በኋላ እኔው በእጄ እፈታዋለሁ። እስቲ ይንገሩኝ፣ ያ የገንዳው ሰውዬ እንዲህ ያለ ፈቃድ ይቀበልዎታል?»

ሚስተር ፓይክ የውሻውን ገመድ ከመሬት አነሡ። ዕድሜ ልካቸውን ሲጠቀሙበት በኖሩት ምክንያት መሸነፋቸው አስደነገጣቸው።

«አይቀበልም» አሉ በመጨረሻ። «ሞቼ እገኛለሁ ነው የሚለው። ግን ሕመሙ በስብሰባው ላይ ካልተነገረ…»

ከመኪናው ውስጥ የተጎተተ ድምፅ ተሰማ። መስኮቱ ገርበብ ብሎ ነበር።

«ሃርላን… ንገራቸው። ይነበብ።»

ማታ ሊቀመንበሩ ከመንበራቸው ተነሥተው ከአመልካቿ ጎን ሲቆሙ የቦርዱ አባላት ዓይናቸውን ማመን አቃታቸው። ሚስተር ፓይክ ያዩትን ሁሉ ሳይሸሽጉ ተናገሩ፤ ድምፅ ከመስጠትም ራሳቸውን አገለሉ። ፈቃዱ ለችግሩ ዘመን ብቻ ተብሎ ጸደቀ። የከተማው ሕዝብም በዓመታዊ ጉባኤው ይህንኑ ደንብ አደረገው። ከዚያ ወዲህ ሕመምተኛ ቤቱ እስር ቤት አይሆንበትም፤ ልጅ አባቷን ከቤቱ አታወጣም፤ ችግሩ ሲያልፍ እንጨቱ ይፈታል፣ ፊት ለፊቱም እንደ ጥንቱ ባዶ ይሆናል። አታላዩም የሚያተርፍበት ነገር ስለሌለ አይመጣም።

በረዶው ሲቀልጥ አንድ ቀን የሚስተር ፓይክ ውሻ ጮኸ። በሩን ሲከፍቱ አርማን በአዲሱ መውረጃ ወርደው፣ ብቻቸውን መንገዱን ተሻግረው፣ ከደረጃው ግርጌ ዊልቸራቸው ላይ ተቀምጠው አገኟቸው። ሚስተር ፓይክ ከደስታ ብዛት ጮኹ።

«አርማን! ና ግባ እንጂ!»

አርማን በግማሽ አፋቸው ሳቁ። «በምን ልግባ? ልታዝለኝ ነው?»

ሚስተር ፓይክ ዕድሜ ልካቸውን የወጡበትን የድንጋይ ደረጃ አዩ።  ወርደው ከታችኛው ድንጋይ ላይ፣ ከወዳጃቸው እግር ሥር ተቀመጡና እስኪመሽ ድረስ እዚያው ተጫወቱ።

በሚቀጥለው ስብሰባ የመጀመሪያው አመልካች ሃርላን ፓይክ ነበሩ፤ ለገዛ ደረጃቸው የዊልቸር መውጫ ጠየቁ። አባላቱ ግራ ተጋብተው ተያዩ።

«አንተ እኮ እንደ ፍየል ነው የምትዘለው» አለቻቸው ምክትላቸው። «ያንተ ችግር ምንድን ነው?»

«ወዳጅ አለኝ።»

«ፈቃዱስ እስከ መቼ ይሁንልህ?»

«መምጣት እስኪተው ድረስ» አሉ ሚስተር ፓይክ፣ ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘው።